«ፕሌይ» ወደ ፖርቱጋልኛ ሲሻገር
(ለጀማሪ ተርጓሚዎችና አስተርጓሚዎች የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

አዘጋጆቹ «ስለ ትርጉም ሙያ ጠቅለል ያለ ነገር ንገረን» ብለውኝ ነበር። ጠቅለል ያለ ነገር አልወድም፤ ሰው ያንቀላፋል። በተለይ ከምሳ በኋላ። ስለዚህ አንዲት ቃል ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። የእንግሊዝኛ ቃል ናት፣ «ፕሌይ»።

«መጫወት ነዋ!» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ግን ቆይ። እንግሊዝኛ ይህቺን ቃል ያላሠራት ሥራ የለም። ልጅ በአሻንጉሊት ሲጫወት ፕሌይ ነው። ሜሲ ሜዳ ሲገባ ፕሌይ ነው። ፒያኖ ሲመታ ፕሌይ። ተዋናይ ንጉሥ ሆኖ መድረክ ላይ ሲወጣ ፕሌይ፣ ቴአትሩ ራሱም ፕሌይ። ዘፈን ስትከፍቱ የምትጫኗት ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ፕሌይ። ጓደኛህ ሲሸውድህ፣ ውሻ የሞተ ሲመስል፣ የመኪና መሪ ልል ሲሆን፣ ሁሉም እሷው ናት። የጥንቱ እንግሊዝኛማ ውጊያንም ይጨምርባት ነበር። በድሮ ግጥሞቻቸው «የጦር ጨዋታ» ወይም «የሰይፍ ጨዋታ» ሲሉ ሰው እየተጋደለ ነው ማለት ነው።

ለምን ፖርቱጋልኛን መረጥክ የሚል ይኖራል። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ላይ ሆነን ይህ ቋንቋ ሩቅ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ኬፕ ቬርዴ፣ ጊኒ ቢሳው፣ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ስብሰባ ሲመጡ በዚሁ ይናገራሉ። ከእናንተ መካከል ነገ የአስተርጓሚ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አጥልቆ የሚቀመጥ ይኖራል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ይበልጣል። ፖርቱጋልኛ «ፕሌይ»ን ሲቀበላት እንዳለች አይቀበላትም። መጀመሪያ ይጠይቃል። ጨዋታው ሕግ አለው ወይስ የለውም? እጅ የሚነካው ነገር አለ? ሰውየው ከልቡ ነው ወይስ እያስመሰለ? መልሱን ሳታውቁ አፋችሁን መክፈት አትችሉም። መዝገበ ቃላት ደግሞ አያድናችሁም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይዘረዝርና ጥሏችሁ ይሄዳል።

ዋናዎቹ ግሦች ሦስት ናቸው። ብሪንካር፣ ዦጋር፣ ቶካር። ቃላቱን ዛሬ የምጠራላችሁ በብራዚሎች አነጋገር አካባቢ ነው። ሊዝበን ላይ አናባቢውን ዋጥ ያደርጉታል፣ ጆሯችሁ ቀስ እያለ ይለምደዋል።

አንድ ግቢ አስቡ። አንድ ልጅ ብቻውን ኳስ ያንከባልላል። ግድግዳ ላይ ይመታታል፣ ትመለስለታለች፣ ይስቃል። ይህ «ብሪንካ» ነው። ከዚያ አራት ልጆች መጡ። ሁለት ድንጋይ አስቀመጡና ጎል ሠሩ። «አንድ ለባዶ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ያው ልጅ ነው፣ ያችው ኳስ ናት፣ ግቢውም አልተቀየረም። ግን አሁን «ዦጋ» ሆነ። ነጥብ የሚቆጥር ሰው ከመጣ ግሡ ይለወጣል። እንግሊዝኛ ይህን ለውጥ አያየውም። እኛም አናየውም፣ ሁለቱንም «ተጫወተ» እንላለን።

ስለዚህ ቼዝ፣ ካርታ፣ እግር ኳስ፣ የቪዲዮ ጌም ሁሉ ዦጋር ናቸው። የእኛን ገበጣ የመሰለ ሞዛምቢኮች የሚወዱት ጨዋታ አለ፣ ንቹቫ ይሉታል። እሱም ዦጋር ነው፣ ጠጠር ይቆጠራላ። እቃ እቃ ግን ብሪንካር ነው። ድብብቆሽም እንደዚሁ። ቡችላ የራሱን ጭራ ሲያሳድድም ብሪንካር ነው። ድንበሩ ላይ የሚንጠለጠሉ ጨዋታዎች ደግሞ አሉ። ሰኞ ማክሰኞን ውሰዱ። ፖርቱጋሎች «ማካካ» ይሉታል፣ ጦጣ ማለት ነው፣ ግሡም ዦጋር ነው። ብራዚሎች ጋ ስትሻገሩ ስሙም ይቀየራል፣ ብዙ ጊዜ ግሡም «መዝለል» ይሆናል። ይህን ሳነሳ ሁለቱ አገሮች የሚግባቡ አይመስልም፤ ይግባባሉ፣ ትንሽ እየተሳሳቁ።

ከሦስቱ እኔ የምወደው ብሪንካርን ነው። ከእሱ የወጣው «ብሪንኬዱ» የልጅ መጫወቻ ነው። «ብሪንካዴይራ» ጨዋታም ቀልድም ነው። ዘመዱ «ብሪንኩ» ደግሞ የጆሮ ጉትቻ ነው። ሰው የማይመስል ነገር ሲነግራችሁ «ታ ብሪንካንዱ!» ትሉታላችሁ፣ «ትቀልዳለህ!» ለማለት። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አማርኛ ግን ይጠጋል። ብራዚሎች «ብሪንካንዱ፣ ብሪንካንዱ» ብለው ሁለቴ ሲደግሙት ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። «ብሪንካንዱ ብሪንካንዱ፣ አሥር ዓመት ሆነን» ይላሉ። እኛስ? «እንደ ቀልድ አሥር ዓመት ሆነን»። ቁጭ! ይህን ወደ እንግሊዝኛ በ«ፕሌይ» ልታሻግሩት ብትሞክሩ አይሆንም። ወደ አማርኛ ግን በሩ ክፍት ነው። ተርጓሚ በእንግሊዝኛ በኩል ብቻ ከዞረ እንዲህ ያለውን ነገር ሜዳ ላይ ጥሎት ያልፋል። ፖርቱጋልኛን በቀጥታ ከአማርኛ ጋር አስተያዩት የምላችሁ ለዚህ ነው።

ብሪንካር የልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ማራኛኡ የሚባል ግዛት አለ። እዚያ በሰኔ ወር አንድ በሬ የሚሞትበትና ከሞት የሚነሣበት ትልቅ በዓል ይከበራል፣ «ቡምባ ሜው ቦይ» ይባላል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ካቲሪና አርግዛለች። አማራት። ያማራት ደግሞ የበሬ ምላስ ነው። ባሏ ምን ያድርግ፣ የጌታውን ተወዳጅ በሬ ያርዳል። ጌታው ሲሰማ ጉድ ይፈላል። በመጨረሻ በሬው ይነሣል፣ ሁሉም ይጨፍራል። በሬው በጨርቅና በዶቃ ያጌጠ ማዕቀፍ ነው፣ ውስጡ ሰው ገብቶ ያንቀሳቅሰዋል። ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል (ዛሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቴአትር ነው፣ ሙዚቃ ነው፣ ጭፈራ ነው፣ ለቅዱሳን ስለትም ያለበት ነው። የሚሳተፉት ሰዎች ግን «ተዋንያን» አይባሉም፣ «ዘፋኞች»ም አይባሉም። «ብሪንካንቺስ» ናቸው፣ የሚጫወቱ ሰዎች። ጢም ያላቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌዎች «ብሪንካንቺ ነኝ» ይላሉ። ወደ አማርኛ ስትመልሱት «ተጫዋች» ብትሉ የኳስ ይመስላል። «ቀልደኛ» ብትሉ ሰውየውን ሰደባችሁት። እኔ «ጨዋተኛ» ብዬ መተርጎም ነው የምመርጠው፣ እናንተ የተሻለ ካላችሁ ልማር።

አሁን ወደ ዦጋር። ይህ ከበድ ያለ ሰውዬ ነው። መነሻው የላቲን «ዮኩስ» ነው፣ ቀልድ ማለት ነው። ገራሚው ነገር እንግሊዝኛ ከዚያው ቃል «ጆክ»ን አወጣ፣ ፖርቱጋልኛ ደግሞ «ዦጉ»ን፣ ማለትም ባለ ሕግ ጨዋታን። ከአንድ እናት ወጥተው አንዱ ሳቂታ ሆነ፣ አንዱ ቁም ነገረኛ።

ዦጋር ሲባል አንድ ነገር ተይዟል ማለት ነው። ጎል ይሁን፣ ገንዘብ ይሁን፣ ክብር ይሁን፣ የሚጠፋ ነገር አለ። ለዚህ ነው «ዦጋዶር» ስትሉ የኳስ ተጫዋችም ቁማርተኛም የሚሆነው። የዕድል ጨዋታዎችን «ዦጉስ ዲ አዛር» ይሏቸዋል። «አዛር» ዛሬ በፖርቱጋልኛ መጥፎ ዕድል ነው! ቁማር ቤት ደጃፍ ላይ «የመጥፎ ዕድል ጨዋታዎች» ብሎ እንደመጻፍ ነው። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ማስታወቂያ አላየሁም።

የቁማሩን ነገር ከነካን አይቀር፣ የሪዮውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1892 ባሮን ዲ ድሩሞንድ የሚባሉ ሰው ሪዮ ውስጥ የአራዊት መጠበቂያ ነበራቸው። ገንዘብ አጠራቸው። አንድ ዘዴ ፈጠሩ። የመግቢያ ትኬቱ ላይ የአንድ እንስሳ ሥዕል ይታተማል። የቀኑ እንስሳ ሥዕል ተሸፍኖ ይሰቀልና ማታ ይገለጣል። ትኬትህ ላይ ያለው እንስሳ ከሆነ የከፈልከውን 20 እጥፍ ታገኛለህ። ሰዉ እንስሳ ማየቱን ትቶ ትኬት መግዛት ሆነ ሥራው። ነገሩ ከግቢው ወጥቶ ከተማውን፣ ከዚያም አገሩን አዳረሰ። «ዦጉ ዱ ቢሹ» ይባላል፣ የአውሬ ጨዋታ። ሕግ ከከለከለው ቆይቷል፣ ግን መንገድ ዳር ወንበር ዘርግተው የሚያጫውቱ ዛሬም አሉ። እንስሳቱ 25 ናቸው፣ ከሰጎን ጀምረው በላም ያበቃሉ። ሌሊት እባብ በሕልሙ ያየ ሰው ጠዋት ሄዶ በእባብ ይቆምራል።

ከ25ቱ ውስጥ የሜዳ አህያ የለም። ስለዚህ የሜዳ አህያ መቼም ሊወጣ አይችልም። ብራዚላዊ የኳስ ወዳጅ ትልቁ ቡድን በትንሹ ሲሸነፍ ምን የሚል ይመስላችኋል? «ዴው ዜብራ!» የሜዳ አህያ ወጣ! ይህን ሳያውቅ የስፖርት ዜና የሚተረጉም ሰው ስታዲየም ውስጥ አህያ ያስገባል። እኛ «ያልተጠበቀ ውጤት» ብለን እናልፈዋለን፣ ትንሽ ቢደርቅም።

ብራዚል ውስጥ ዦጋር ሌላም ሥራ አለው፣ መወርወር። ቆሻሻ ሲጥሉ «ዦጋር ፎራ» ይላሉ፣ ወደ ውጭ መጣል። ፖርቱጋል ውስጥ ለዚህ ሌላ ግሥ ነው ያላቸው። ስለዚህ ብራዚላዊቷ እናት ልጇን «ኳሱን ዦጋ» ብትለው «ወርውረው» ነው ያለችው።

እዚህ ላይ ስለ ሙያችን አንድ ነገር ላስገባ። ስብሰባ ላይ ናችሁ እንበል። አንድ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ቆጣ ብሎ «በሰዎች ሕይወት ፕሌይ አናድርግ» አለ። ማዳመጫው ውስጥ ገባ። ሦስት ሰከንድ አላችሁ። ብሪንካር ካላችሁ ተናጋሪው «አንቀልድ፣ ነገሩን አናቅልለው» ማለቱ ነው። ዦጋር ካላችሁ «አንቆምር፣ የሰው ነፍስ አናስይዝ» ማለቱ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ፖርቱጋልኛ ናቸው። ክሱ ግን አንድ አይደለም። መጀመሪያው ሰውን ግዴለሽ ነህ ይለዋል። ሁለተኛው ደግሞ አውቀህ፣ አስልተህ አደጋ ላይ ጣልከን ይለዋል። ዲፕሎማት ለመጀመሪያው ይቅርታ ሊጠይቅ ይችላል፣ ለሁለተኛው መግለጫ ያወጣል። ታዲያ በምን ትለያላችሁ? ከቃሉ አይደለም፣ ቃሉ አንድ ነው። ከፊቱ ከመጣው ነው። ሰውየው ስለ ቸልተኝነትና ስለ መዘግየት ሲያወራ ከቆየ ብሪንካር። ስለ ትርፍ፣ ስለ ድርድር፣ ስለ ሥልጣን ሲያወራ ከቆየ ዦጋር። ምንም ፍንጭ ካላገኛችሁ ለስለስ ያለውን ያዙ። መካሪ ሳይሆን እሳት አቀጣጣይ አስተርጓሚ መሆን አትፈልጉም።

ብሪንካርና ዦጋር አንዳንዴ ሜዳ ላይ ይጣላሉ። ጋሪንቻን የማያውቅ አለ? እግሮቹ ጠማማ የነበሩት የብራዚል የክንፍ ተጫዋች፣ «የሕዝብ ደስታ» የሚል ቅጽል የወጣለት። በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ዋዜማ ብራዚል ጣሊያን ውስጥ ከፊዮረንቲና ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበራት። ጋሪንቻ ተከላካዮቹን አለፈ፣ በረኛውንም አለፈ። ጎሉ ባዶ ነው። አላገባም። አንዱ ተከላካይ ሮጦ እስኪደርስ ቆሞ ጠበቀው፣ እንደገና አለፈውና ኳሷን ይዞ ገባ። አሰልጣኞቹ አልሳቁም። ለእነሱ ይህ ዦጋር አይደለም። ሰውየው እየተከፈለው ብሪንካር ያደርጋል። ተመልካቹ ግን የመጣው ለዚያ ነበር። ይህን ወሬ በእንግሊዝኛ ለመናገር ከሞከራችሁ «ፕሌይ አላደረገም፣ ፕሌይ ነው ያደረገው» ትላላችሁ፣ ሰው ግራ ይገባዋል።

ቶካር ቀለል ይላል። ዋና ትርጉሙ መንካት ነው። መሣሪያን ስትነኩት ይጮኻል፣ ስለዚህ ሙዚቃ መሣሪያ መጫወት ቶካር ሆነ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ቶካር ነው፣ ስልክ ሲጠራም ቶካር ነው። የድሮ ፖርቱጋልኛ ለመሣሪያ «ታንዤር» የሚል ግሥ ነበረው፣ እሱም ከላቲን ሲመጣ መንካት ነው። ከእኛ ታሪክ ጋር የምትገናኝ ነገር እዚህ ጋ አለች። በ1520 ምጽዋ ላይ ወርዶ ወደ አፄ ልብነ ድንግል ያቀናው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ኦርጋን ይዞ ነበር። መሣሪያውን የሚመታም ሰው አብሮ መጥቷል። የቡድኑ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከተጓዦቹ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

አማርኛ እዚህ ላይ ከፖርቱጋልኛ የበለጠ ይቆራርጣል። ዋሽንት ይነፋል። ከበሮ ይመታል። በገና ይደረደራል። ማሲንቆ ይመታል እንላለን፣ በቀስት የሚታሽ ሆኖ ሳለ። እነዚህን ሁሉ ፖርቱጋልኛ «ቶካ» ብሎ ይገላገላቸዋል። አሁን አሁን እኛም «ጊታር ይጫወታል»፣ «ፒያኖ ይጫወታል» ማለት ለምደናል። ለአማርኛ ተናጋሪ ወጥመዱ ከዚህ ይጀምራል። እኛ ለዘፋኝም «ይህን ዘፈን የተጫወተው እከሌ ነው» እንላለን። ያንን «ተጫወተ» ይዛችሁ ወደ ዦጋር ከሮጣችሁ ዘፋኙ ዘፈኑን ወረወረው ማለት ይሆናል። ቶካርም ካላችሁ መሣሪያ መታ እንጂ አልዘፈነም። ዘፋኝ ዘፈነ በሉ፣ «ካንታር» አለላችሁ።

ሦስቱ ግሦች አንድ ቦታ ሲገናኙ ማየት የሚፈልግ ሰው ካፖየይራ የሚባለውን፣ በሙዚቃ የሚታጀብ የብራዚል የትግል ጨዋታ ይይ። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ክቡ «ሮዳ» ይባላል። ብራዚሎች በቃል መጀመሪያ ያለውን «ር» እንደ «ሀ» ስለሚያወጡት «ሆዳ» ይሉታል፣ እኛ አገር ቢሆን ስለ ምሳ የሚያወሩ ይመስል ነበር። በክቡ ራስ ላይ ቤሪምባው ይዘው የቆሙ አሉ። ቤሪምባው እንደ ቀስት የተለመጠ እንጨት ነው፣ አንድ ሽቦ የተወጠረበት፣ ከሥሩ ቅል የታሰረበት። በቀጭን ዱላ ሽቦውን ይመቱታል፣ በሌላው እጅ ደግሞ በድንጋይ ወይም በሳንቲም ሽቦውን ጫን ለቀቅ ያደርጉታል። ይህ ቶካር ነው። የሚያወጡት ምት ደግሞ «ቶኪ» ይባላል። ምቱ ሲለወጥ ክቡ ውስጥ ያለው ነገር ይለወጣል፤ ዝግ ካለ ወደ መሬት ዝቅ፣ ከፈጠነ ቀና ብሎ ፈጣን።

ሁለት ሰዎች ቤሪምባው እግር ሥር ቁጢጥ ይላሉ። ይጨባበጣሉ። ከዚያ ይገባሉ። እግር በጭንቅላት አጠገብ ያልፋል፣ ያኛው ጎንበስ ይላል። ፀብ ነው? ዳንስ ነው? እነሱ «ዦጋር» ነው የሚሉት። አንድ ሰው ከዳር ገብቶ ከሁለቱ አንዱን መተካት ከፈለገ «ጨዋታውን ገዛ» ይባላል። ሽማግሌዎቹ መምህራን ደግሞ ሌላ ቃል ነበራቸው፣ «ቫዲያር»። ሥራ መፍታት፣ መዞር፣ ማውደልደል ማለት ነው። «ዛሬ ከሰዓት እንቫዲያር» ሲሉ ካፖየይራ እንጫወት ማለታቸው ነው።

ይህን ቃል በቀላሉ አትለፉት። በ1890፣ ባርነት በሕግ ከቀረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ብራዚል አዲስ የወንጀል ሕግ አወጣች። ካፖየይራ ተከለከለ። የተከለከለበት ምዕራፍ ርዕስ «ስለ ቦዘኔዎችና ካፖየይራዎች» የሚል ነበር። ቦዘኔ የተባለው ያው የ«ቫዲያር» ሥር ነው። መንግሥት በወንጀልነት የለጠፈውን ስም ተጫዋቾቹ የደስታቸው መጠሪያ አድርገው ያዙት። በ1932 መስትሪ ቢምባ የሚባል የካፖየይራ መምህር በብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ የካፖየይራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ቀስ በቀስ ክልከላው ላላ። በ2014 የካፖየይራ ሮዳ ዩኔስኮ መዝገብ ገባ። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ «ፕሌይ ካፖየይራ» ይለዋል። ስህተት አይደለም። ግን ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ 1890ን ማንም አያገኘውም። አማርኛ ተርጓሚ ከሆናችሁ «ይቦዝናሉ» ብላችሁ በግርጌ ማብራሪያ ብታክሉ እኔ እደግፋችኋለሁ። አሳታሚው ይጮህባችኋል፣ ይጩህ።

ቴአትሩን በፍጥነት ልሂድበት። ለመድረክ ፕሌይ ፖርቱጋልኛ «ፔሳ» ይላል፣ ቁራጭ ማለት ነው። ብራዚሎች ሰውን ሲሸውዱም «ፔሳ ቸነከረበት» ይላሉ። ፖርቱጋሎች በዚያ ቦታ «ፓርቲዳ» ይቸነክራሉ፤ ፓርቲዳ ደግሞ የኳስ ግጥሚያም ነው፣ ጉዞ መነሻም ነው። ሚስማሩ ግን የጋራ ነው። ተዋናይ አንድን ሰው ወክሎ ሲጫወት «ፓፔል» ይሠራል፣ ወረቀት ማለት ነው፣ ድርሻው የተጻፈበት ወረቀት። የእኛን ተዉት፣ ግዕዙ ከእንግሊዝኛው ጋር ይስማማል። «ተዋነየ» ተጫወተ ነው። «ተውኔት» የምንለው እንግዲህ ያው ፕሌይ ነው።

ስብሰባ ላይ ደጋግማችሁ የምትሰሙት ግን «ፕሌይስ ኤ ሮል» የሚለው ነው። አማርኛ ዜና ይህን «ሚና ይጫወታል» ብሎ ወስዶታል። «ከፍተኛ ሚና ይጫወታል»፣ «የማይተካ ሚና ይጫወታል»። ጆሮዬ አልለመደውም። ሚና ምኑ ይጫወታል? ፖርቱጋልኛ «ደዜምፔኛር» ይላል። የቃሉ ጥንተ ነገር በመያዣ የተያዘን ዕቃ ማስለቀቅ ነው፣ ዕዳን መወጣት። ፓፔሉን ተወጣ፣ ድርሻውን ተወጣ። ይኸው «ድርሻውን ይወጣል» የሚል ያማረ አማርኛ አለን። ፖርቱጋልኛውን ብትከተሉ ኖሮ ወደ ቤታችሁ ትመለሱ ነበር።

የቀሩትን ልጨርስ። የሞተ መምሰል፣ ጅል መምሰል «ፋዜር ሲ ዲ» ነው፣ ራስን እንደዚያ ማድረግ። ውሻውም ሰውየውም በዚሁ ይሄዳሉ። የመኪና መሪ ልል ሲሆን «ፎልጋ አለው» ይላሉ። ፎልጋ የእረፍት ቀንም ነው። «ዛሬ ፎልጋ ላይ ነኝ» ያለ ሰው ከሥራ ነፃ ነው። ጋራዥ ውስጥ ለሚያስተረጉም ሰው ይህን ማወቅ ደህና ነው፣ «መሪው እረፍት ወጥቷል» ብሎ እንዳያስቅ።

አንድ የማልተወው አለ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ «ተጫወቱ እንጂ!» እንላለን። አውሩ፣ ዘና በሉ ማለታችን ነው። ወሬ የሚያውቅ ሰው «ጨዋታ አዋቂ» ነው። እንግሊዝኛ ጋ ይህ የለም። ለእንግሊዝ እንግዳ «ፕሌይ» ብትሉት የት ልጫወት ብሎ ዙሪያውን ያያል። ፖርቱጋልኛም ለዚህ በቀጥታ ብሪንካርን አይሰጣችሁም። ግን ብራዚሎች ተቀምጠው ያለ ጉዳይ ሲያወጉ «ዦጋር ኮንቬርሳ ፎራ» ይላሉ። ቃል በቃል ጭውውትን ወደ ውጭ መጣል ነው። የዦጋርን መወርወር አስታውሱ። ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ቢራ ይዘው፣ ወሬውን ይጥሉታል። ማንም አይቆጥረውም፣ ማንም አያሸንፍም። ሕግ የሚወደው ዦጋር እዚህ ሲደርስ ሕጉን ረሳው። «እየተጫወትን ነው» ብላችሁ ተርጉሙት፣ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ካከፋፈለ በኋላ ደግሞ ብራዚል እንግሊዝኛዋን ራሷን አስገብቷታል። ቪዲዮ ለመክፈት «ዳ ፕሌይ» ይላሉ፣ ፕሌይ ስጠው። ሪዮ ውስጥ የአፓርታማ ልጆች «ፕሌይ ልውረድ» ካሉ የሚሄዱት ሕንፃው ውስጥ ወዳለው መጫወቻ ቦታ ነው። በሌላው ነገር ላይ አላስደረሷትም።

ጊዜዬ እያለቀ ነው፤ ወረቀት አውጡ። ሦስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች አሉኝ። አንደኛ፣ ልጁ የአባቱን ጊታር ፕሌይ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ልጁ በአባቱ ጊታር ፕሌይ ያደርጋል። እነዚህ አያስቸግሯችሁም፣ አንዱ ላይ ሙዚቃ አለ፣ ሌላው ላይ አባትየው ሲመጣ ቁጣ አለ። ብራዚል ውስጥ ግን «ጊታራ» የሚሉት ባለ ኤሌክትሪኩን ብቻ ነው፣ ተራው ጊታር «ቪዮላኡ» ነው፣ እሱን ልብ በሉ። ሦስተኛው፣ «እሱ እኮ ፕሌይ እያደረገ ነው»። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ከመተርጎማችሁ በፊት እኔን ጠይቁኝ። ማን ነው? የት ነው? ማን እያየው ነው? ከኋላ ወንበር እንጀምር፣ እናንተ ዝም ብላችኋል።